አርማው ታይቶ ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ኢሜጁ ደህና ሳይሆን አይቀርም

ኮምቦልቻ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው አንባቢያችን የጠየቀው ይህን ነው፦ የፒችትሪ ሒሳቡ ያለበት ዴስክቶፕ ስላረጀ ዲስኩን ክሎንዚላ በተባለው የዲስክ መቅጃ ፕሮግራም ኢሜጅ አድርጎ (ሙሉ ቅጂውን በፋይል አስቀምጦ) ያገለገለ ዴል ላይ መለሰው። የዊንዶውስ 10 አርማ ይመጣል፣ ነጥቦቹ ትንሽ ይዞራሉ፣ ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ብሎ እንደገና ይነሳል። አንድ ጠጋኝ ስታርትአፕ ሪፔርን (የዊንዶውስን የራሱን የአነሳስ መጠገኛ) ሲደጋግም ቆይቶ «ፎርማት ይደረግ» ብሎታል።

አብሽር ወንድሜ፣ ፎርማት አይደረግም። ከሁሉ በፊት ግን አሮጌውን ዲስክ ነቅለህ መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበት። ዴሉ ላይ እየሠራህ ሳለ በዩኤስቢም ቢሆን አትሰካው።

እኔ የምጠረጥረው የባዮሱን (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውን የማዘርቦርድ ፕሮግራም) የሳታ አሠራር፣ ማለትም ማሽኑ ዲስኩን የሚያናግርበትን ስልት ነው። ችግሩ የቡት ክፍልፍሉ (ዲስኩ ላይ ማሽኑን የሚያስነሳው ክፍል) ቢሆን ኖሮ አርማውን አታየውም ነበር፤ «ቡት ዲቫይስ የለም» ይልህ ነበር። ብዙ ዴሎች ከፋብሪካ ሲወጡ «ሬይድ ኦን» በሚባለው ስልት ላይ ናቸው። አሮጌው ማሽንህ ግን ኤኤችሲአይ በሚባለው ሌላ ስልት ላይ የነበረ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲነሳ ዲስኩን መጀመሪያ የሚያነበው ባዮሱ ነው። አርማው እስኪታይ ድረስ የሚያስፈልጉት ፋይሎች ሁሉ የሚመጡት በእሱ በኩል ነው። ከርነሉ (የዊንዶውስ እምብርት) ሥራውን ሲረከብ ግን ባዮሱ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ዊንዶውስ ዲስኩን በራሱ ድራይቨር (ዕቃውን በሚያናግርበት ፕሮግራም) ማንበብ አለበት። ዊንዶውስ ደግሞ ሲጫን ላየው የዲስክ መቆጣጠሪያ የሚሆነውን ድራይቨር ብቻ ገና ሲነሳ እንዲሠራ ይመድባል፤ የቀሩትን ያስተኛቸዋል። መቆጣጠሪያው ሲለወጥ የራሱን ቤት ማየት ያቅተዋል። የተበላሸ ፋይል ስለሌለም ስታርትአፕ ሪፔር መቶ ጊዜ ቢሮጥ የሚጠግነው አያገኝም። ይህን ሳይመረምሩ ፎርማት የሚያዝዙ ሰዎች የስንቱን ነጋዴ ሒሳብ አጥፍተዋል!

ዴሉን ስታበራ ኤፍ2 ደጋግመህ ተጫን፤ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ስር «ሳታ ኦፐሬሽን» የሚለውን ወደ ኤኤችሲአይ ቀይረህ አስቀምጥ። አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ያልቃል።

ካላለቀ አሮጌው ማሽን ራሱ በአይዲኢ (በቀድሞው ስልት) ወይም በሬይድ ይሠራ የነበረ ይመስለኛል። ባዮሱን ኤኤችሲአይ ላይ ተወውና ሁለት ሦስት ጊዜ ሲነሳ አቋርጠው፤ የጥገናው ገጽ ይመጣል። በ«ስታርትአፕ ሴቲንግስ» በኩል 4ን ተጭነህ በሴፍ ሞድ (ለጥገና በሚያገለግለው አነሳስ) አስገባው። የተኛውን ድራይቨር የሚቀሰቅሰው ሴፍ ሞድ ነው። ገብተህ አንዴ ሪስታርት ስታደርገው በመደበኛው ይነሳል። ይህም እምቢ ካለ ከጥገናው ገጽ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተህ በሬጅኤዲት (ሬጅስትሪውን፣ ማለትም የዊንዶውስን የቅንብር መዝገብ፣ በሚያርመው ፕሮግራም) የዲስኩን «ሲስተም» ሃይቭ (የመዝገቡን ፋይል) ጫን፤ «ስቶርኤኤችሲአይ» (የኤኤችሲአይ ድራይቨሩ) ስር «ስታርት»ን 0 አድርግ፣ «ስታርትኦቨርራይድ» ስር ያለውንም 0። እዚያ ገጽ ላይ ሲ የነበረው ዲ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የዊንዶውስ ፎልደሩ የት እንዳለ እይ። የጥገናውን የራሱን ሬጅስትሪ ብትቀይር ምንም ለውጥ አታይም።

ኢሜጁን ያስቀመጥክበትንም እቃ ተጠንቀቅ። ከሸዋበርም ይሁን ከመርካቶ በርካሽ የሚገዛ «2 ቴራ» የተጻፈበት ፍላሽ እውነተኛ መጠኑ ሲሞላ ስህተት አይናገርም፤ የቀረውን ዝም ብሎ ይውጠዋል። ክሎንዚላ ኢሜጁ ይመለስ እንደሆነ ልፈትሽ ሲልህ እሺ በለው፤ መብራት እንዳያቋርጥህም ዩፒኤስ ላይ ሥራ።

ዊንዶውስ ሲነሳ ኔትወርክ ላይኖርህ ይችላል። የአንድሮይድ ስልክህን በኬብል ሰክተህ ዩኤስቢ ቴተሪንግ ክፈት፤ ዊንዶውስ አፕዴት ድራይቨሮቹን ያወርዳል። ከዚያ ፒችትሪን ከፍተህ የመጨረሻዎቹን ደረሰኞች አመሳክር፣ ባካፕም ውሰድ። ይህ ሳይሆን አሮጌው ዲስክ አይጠረግ፣ አይሸጥ፣ ለማንም አይሰጥ! ሁለቱን ማሽኖች አንድ ኔትወርክ ላይ አታብራ፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ ይጋጫል። ከአሮጌው ማሽን ጋር የመጣ የዊንዶውስ ፈቃድ ከማዘርቦርዱ ጋር የታሰረ ነው፤ ዴሉ ለዚያው እትም፣ ለሆም ወይም ለፕሮ፣ የራሱ ፈቃድ ከሌለው አዲስ መግዛት ይኖርብሃል።