የአያቶቼን ታሪክ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ አያቴን ከየካቲት 12 በኋላ ጣልያን ይዞት ደናኔ ታስሮ ነው የተመለሰው፣ እጮኛው (ሴት አያቴ ማለት ነው) መርካቶ ጨርቅ እየሸጠች ጠበቀችው፣ ተጋብተው ሱቅ ከፈቱ፣ በኋላ ቤቱን ደርግ ወረሰው። ለልጆቼ መጻፍ ፈልጌ ዘመኑ ተምታታብኝ።

መልስ፦ እህታችን እባክሽ አሁኑኑ ጀምሪ፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎች እያለፉ ነውና! የካቲት 12 1929 ዓ.ም. ነው፣ ደናኔ ደግሞ ሶማሊያ ውስጥ ሞቃዲሾ አካባቢ ያለ እስር ቤት ነበር፣ በረሃብና በበሽታ ብዙ ሰው አልቆበታል፣ ከዛ በህይወት መመለሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። መርካቶንም ቢሆን ጣልያን ነው አራዳ ጊዮርጊስ ጋ ከነበረው ገበያ ሀበሻውን ከነጩ ለይቶ ያቋቋመው፣ ስለዚህ ሴት አያትሽ የሸጠችው በጣልያን ሊሬ ነው ወይስ በድሮው የብር ሳንቲም በማርትሬዛ ብለሽ ጠይቂ፣ ሰው ማርትሬዛውን ነበር የሚያምነው። የቤቱ ውርስ ሐምሌ 1967 በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ይመስለኛል፤ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዛ በላይ ያለው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መስሪያ ቤት (ለአሁኑ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን) ነው የሄደው፣ ፋይሉን እዛው ጠይቂ። ከሁሉ በላይ ግን እሱ ታስሮ ሳለ ወሬው እንዴት ይደርሳት እንደነበር፣ ማንስ አግቢ እያለ ያስጨንቃት እንደነበር በደንብ ጻፊው።