አምፖሉን ተዉት፣ ምጣዱን ጠይቁ፦ የመብራትና የውሃ ሂሳብ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሰሞን «ስለ መብራትና ስለ ውሃ ሂሳብ ያሳሰባችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ የቤት መብራት ስዘረጋና ምጣድ ስጠግን 22 ዓመት ሆኖኛል። የቧንቧውን ሥራ ግን ሳልወድ በግድ ነው የተማርኩት፤ እንዴት እንደሆነ ከታች ታነባላችሁ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ አምስት ቤተሰብ ነን። ከልጆቹ ጋር በአምፖል ስጨቃጨቅ እውላለሁ። አሁን ከክፍል ሲወጡ ማጥፋት ለምደዋል፤ ሂሳቡ ግን ፈቀቅ አላለም። ምንድን ነው የሚበላብን?

መልስ፦ ሙቀት ነው የሚበላባችሁ። ቤት ውስጥ የሚግል ነገር ሁሉ ሆዳም ነው፤ የሚያበራና የሚያወራው ግን ብዙም አይበላም። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በየምሽቱ ለ5 ሰዓት ቢበራ በወር የሚወስደው 1.35 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥርበት መለኪያ) ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን 3,500 ዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። እስኪግል 20 ደቂቃ ብትጠብቁ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሄደ። አንድ እንጀራ ሳይወጣ የአንድ አምፖል የወር ቀለብ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። በዚያ ላይ 30 እንጀራ እያንዳንዱ በ3 ደቂቃ ሲጋገር ጠቅላላው 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይደርሳል።

በቅርቡ አንድ ቤት ምጣድ ልጠግን ሄጄ ነበር። እትዬ ምጣዱን ሰኩና ሊጡን ሊያቀጥኑ ገቡ። ማሰሻው ጠፋ፤ ልጅ ጎረቤት ተላከ። ጎረቤቷ ማሰሻውን ይዘው ራሳቸው መጡ፤ ሰላምታው ረዘመ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ቆጣሪውን አያለሁ፤ ቀይዋ መብራት እንደ አበደች ትርገበገባለች። የመጀመሪያው ሊጥ ምጣዱ ላይ ያረፈው በ34ኛው ደቂቃ ነው፤ ያውም ምጣዱ ከልክ በላይ ግሎ ስለነበር እንጀራው አረረ። ስለዚህ ሊጡ ተበጥብጦ፣ ሰፌዱና ማሰሻው ቀርቦ፣ ከዚያ በኋላ ነው ምጣድ የሚሰካው።

ሁለተኛው ነገር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የምትጋግሩ አንድ ጊዜ አድርጉት። የምትቆጥቡት የማጋያውን ብቻ ነው፤ በወር 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ብርዱ ፍሪጅ ስለሆነ እንጀራ ሳምንት ቢቆይ ችግር የለውም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ደግሞ ምጣዱን ነቅላችሁ ጋግሩ፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ይበቃል። ከዚያም የተረፈውን እንጀራ ቆራርሳችሁ ብታሰጡበት ድርቆሽ ይሆናል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ለእናንተ ቀላል ነው። እዚህ ቆላ እንጀራ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። በሳምንት አንዴ ጋግሩ ማለት ለእኛ አይሠራም።

መልስ፦ እውነት ነው፤ ለደጋ የሚሆን ምክር ለቆላ አይሆንም። እናንተ ጋ የሚያዋጣው ከጎረቤት ጋር ተራ መግባት ነው። ዛሬ እናንተ ለሁለቱም ቤት ትጋግራላችሁ፣ ከሁለት ቀን በኋላ እነሱ። ሁለት ምጣድ የሚግልበት ቀን አንድ ምጣድ ይግላል፤ እንጀራውም ትኩስ ነው። ሊጡን ከየቤታችሁ ብታመጡ በጤፉ አትቀያየሙም።

የእናንተ ሌላው ሸክም ፍሪጅ ነው። ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፤ ከጀርባው የሚወጣው ሙቀት መሄጃ ይፈልጋል። የበሩን ላስቲክ በወረቀት ፈትኑት፦ ወረቀቱን በሩ ላይ ዘግታችሁ ስትስቡት ያለ ምንም መያዝ ሙልጭ ብሎ ከወጣ ላስቲኩ አልቋል፣ ቅዝቃዜው እየፈሰሰ ነው።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ ባለቤቱና ሁለት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። ሂሳቡን ለሦስት እንካፈላለን። ብቻዋን በራሷ ቆጣሪ የምትኖር እህቴ ግን በጣም ትንሽ ነው የምትከፍለው። ተበድያለሁ?

መልስ፦ የበደላችሁ ቆጣሪው ነው፣ የግቢው ሰው አይደለም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ከዚያ 100፣ 200፣ 300 እያለ እስከ 500 እና ከዚያ በላይ ሲሄድ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወደዳል። ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ሦስቱም ቆጣቢ ቢሆኑ እንኳ ቆጣሪው የሚያያቸው እንደ አንድ አባካኝ ነው። በዚያ ላይ ከ2017 መስከረም ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል። የቤቱን ባለቤት አግባብታችሁ የየራሳችሁን ቆጣሪ ብትጠይቁ ይሻላል። በመሐል የሚገባ ትንሽ ቆጣሪ ሂሳቡን በትክክል ለመካፈል ይረዳል፤ እርከኑን ግን ዝቅ አያደርግላችሁም።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ባቄላ ንፍሮ ለማብሰል ግማሽ ቀን ይፈጅብናል። ምድጃው ነው ወይስ ባቄላው?

መልስ፦ ከፍታው ነው። ከባሕር ወለል ወደ 300 ሜትር ያህል ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በ2,800 ሜትር፣ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እናንተ ጋ፣ መንዝ ላይ፣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ውሃው ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩበት ይተናል እንጂ አይግልም። ስለዚህ አንዴ ከገነፈለ ምድጃውን ወደ ዝቅተኛው አውርዱት፤ የሚንተከተክና በቀስታ የሚፈላ ውሃ ሙቀታቸው እኩል ነው። ባቄላውን ማታ ዘፍዝፉት። ክዳኑ የሚቆለፈው፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ደግሞ ደጋ ላይ ዋጋውን ቶሎ ይመልሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። መንዝ ተቀምጦ ባና (የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ) የሌለው ቤት የለም። ድስቱ በደንብ ከፈላ በኋላ ከምድጃው አውርዳችሁ፣ ክዳኑን ሳትከፍቱ ከሥሩም ከላዩም በአሮጌ ባና ጠቅልላችሁ ጥግ አስቀምጡት። ከአራት ሰዓት በኋላ ስትከፍቱት እጅ ያቃጥላል። ጥቂት ከጠነከረ ለአጭር ጊዜ መልሳችሁ አፍሉት። እናቴ ይህን የምታደርገው ኤሌክትሪክ ሳይገባ በፊት ነው፤ ያን ጊዜ የምትቆጥበው ኩበት ነበር።

ጥያቄ፦ የሻወር ማሞቂያውን ሌሊቱን ሙሉ መሰካት ይሻላል ወይስ ሲፈለግ?

መልስ፦ ሲፈለግ። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ሌሊቱን ከተዋችሁት ለብርዱ እየገበራችሁ ነው የምታድሩት። ከመታጠባችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብላችሁ ሰኩት።

ጥያቄ፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ውድ ስለሆነ ከሰል መኝታ ክፍል እናስገባለን። ይሄስ?

መልስ፦ በጭራሽ! የከሰል ጢስ አለመታየቱ አያታላችሁ፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። በርኖስ ልበሱ፣ ውሃ አሙቃችሁ በላስቲክ ከረጢት ወይም በደንብ በሚዘጋ ዕቃ እግራችሁ ሥር አድርጉ። በዚህ ጉዳይ ስለ ቁጠባ አላወራም።

ጥያቄ፦ የውሃ ሂሳባችን በእጥፍ ጨመረ፤ አጠቃቀማችን ግን ያው ነው። ቆጣሪው ተበላሽቷል?

መልስ፦ መጀመሪያ ሽንት ቤታችሁን ጠርጥሩ። ቧንቧ የተማርኩት በዚህ ነው። የራሴው የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ጎማ አልቆ ሦስት ወር ሙሉ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ድምፅ ሳያሰማ ሲፈስ ነበር። እኔ ደግሞ የሰው ቤት እየዞርኩ «ቆጥቡ» እላለሁ። ያወቅኩት ሴት ልጄ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ስትደፋ ነው፤ ማንም ውሃ ሳይለቅ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሳህኑ ቀላ።

ከዚያ ቆጣሪውን ፈትኑ። ማታ ቧንቧ ሁሉ ዘግታችሁ ቁጥሩን ጻፉ፤ ጠዋት ውሃ ሳትነኩ አንብቡት። የሮቶው ተንሳፋፊ የማይዘጋ ከሆነም በዚሁ ይታወቃል። አንድ ሜትር ኩብ ማለት 1,000 ሊትር፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ በዚህ ስታስቡት የባከነው ያስደነግጣል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣባችሁ ደግሞ ውሃው ሲጠፋ ዋናውን መዝጊያ ዝጉ። ውሃው ሲመለስ ከፊቱ የሚገፋው አየር ቆጣሪውን ስለሚያሽከረክረው ንፋስም ሂሳብ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሂሳብ በግማሽ ይቀንሳል የሚባል ትንሽ ዕቃ ገበያ ላይ አለ። ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ሦስት ፈትቻለሁ፤ ውስጣቸው አንድ ትንሽ ካፓሲተርና የምትበራ አምፖል ነው። የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረውን አይነካውም።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ እናቴ 78 ዓመቷ ነው። አምፖል እያጠፋች በጨለማ ኮሪደር ትሄዳለች፣ አንድ ቀን እንዳትወድቅ ሰጋሁ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ኮሪደሩ ላይ 3 ዋት ኤልኢዲ አድርጉና ሌሊቱን ሙሉ ተዉት። በቀን 12 ሰዓት ቢበራ በወር 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ምጣዱ ከመሰካቱ በፊት ሊጡ ከተዘጋጀ ከአንድ ጋገራ ብቻ በምትቆጥቡት ግማሽ ወር ታበሩበታላችሁ። ይህን ለእናቴም ነግሬያታለሁ። «ይሁን» አለችኝና ስወጣ አጠፋችው።