«ቲኤስኤች ኖርማል ነው» ተብለን ተመለስን፤ ልጃችን ግን አላደገም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ወንዱ ልጄ 9 ዓመት ሞልቶታል። ከ6 ዓመት እህቱ ጋር ሲቆም እኩል ስለሆነ ሰው «መንታ ናቸው እንዴ?» ይለኛል። የአምና ዩኒፎርሙ ዘንድሮም ልኩ ነው። መጀመሪያ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ተመርምሮ «ቲኤስኤች ኖርማል ነው» ተባልንና ተመለስን። በኋላ ሌላ ሐኪም ኤምአርአይ አስነሳው። ፒቱታሪ የምትባለው ዕጢ ትንሽ ናት፣ የዕድገትና የታይሮይድ ሆርሞን ያንሰዋል፣ በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል አለን። እኔም አባቱም ቁመታችን ደህና ነው። የተጋባነውም ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው። እሱን ከወለድኩ በኋላ ብዙ ደም ፈሶኝ ነበር፤ ከዚያ ይሆን? ሌላ ልጅ ብንወልድስ?

መልስ፦ ከደሙ ልጀምር። እናት በእንዲህ ያለ ሐሳብ እንቅልፍ እንደምታጣ አውቃለሁ። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም መፍሰስ ፒቱታሪን ሊጎዳ ይችላል፤ እውነት ነው። የሚጎዳው ግን የእናቲቱን ነው። ያን ጊዜ ጡቷ ወተት አይሰጥም፣ የወር አበባዋ አይመለስም፣ ትደክማለች። እርስዎ ደግሞ ከእሱ በኋላ እህቱን ወልደዋል። የእርስዎ ፒቱታሪ ደህና ናት ማለት ነው። የልጅዎ ነገር ከእርስዎ ደም ጋር አይገናኝም፤ ይተዉት።

ፒቱታሪ አተር የምታክል ዕጢ ናት። ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ከአንጎል ግርጌ፣ ኮርቻ በመሰለች የአጥንት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ ዕድገትን፣ ታይሮይድን፣ ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች፣ ጉርምስናንና ወተትን ታዛለች። የሚገርመው አመጣጧ ነው። በእርግዝና 4ኛው ሳምንት ገደማ፣ እናት ማርገዟን ገና በቅጡ ሳታውቅ፣ ከጽንሱ የአፍ ጣሪያ ትንሽ ኪስ ወደ ላይ ትወጣለች። ከአንጎል በኩል ደግሞ ሌላ ቁራጭ ወደ ታች ይወርድና ሁለቱ ይጣበቃሉ። የፊተኛው ክፍል የአፍ ልጅ፣ የኋለኛው የአንጎል ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ዘረመሎች (ጂኖች) ተራ በተራ ሲበሩና ሲጠፉ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚሠሩት እነ ሄስኤክስ-1 እና ኤልኤችኤክስ-3 ናቸው። የመጀመሪያው ሲበላሽ የዓይን ነርቭም አብሮ ሊጎዳ ይችላል፤ በሁለተኛው አንገት እንደልብ አይዞርም፣ ጆሮም ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ «አንገቱን ያዞራል? ይሰማል?» ብሎ ቢጠይቅዎ ከርዕሱ የወጣ አይምሰልዎ። ከነዚህ በኋላ ፕሮፕ-1 ይመጣል፤ ከእሱ ቀጥሎ ፒት-1። ፕሮፕ ማለት በሳይንቲስቶቹ አጠራር «የፒት-1 ነቢይ» ማለት ነው፤ ቀድሞ መጥቶ መንገዱን ስለሚጠርግለት። ሳይንቲስት ሲቀልድ አንዳንዴ ያምርበታል። ይህ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1996 በድንክ አይጦች ላይ ተገኘ፤ በ1998 ደግሞ በሰው። ብዙ የፒቱታሪ ሆርሞኖች አብረው በሚያንሱባቸው ሰዎች ዘንድ እስካሁን ከታወቁት የዘር ምክንያቶች በብዛት የሚገኘው እሱ ነው።

ልጅዎ ፕሮፕ-1 ይሁን አይሁን ያለ ምርመራ መናገር አልችልም። እውነቱን ለመናገር ተመርምረውም ዘረመሉ የማይገኝላቸው ይበዛሉ። ሕክምናው ግን ያንን አይጠብቅም።

አሁን ወደዚያ «ኖርማል» ወደተባለው ወረቀት። ቲኤስኤች ፒቱታሪ ታይሮይድን የምታዝበት ድምፅ ነው። ታይሮይድ ራሱ ሲሰንፍ ፒቱታሪ ትጮህበታለች፤ ቲኤስኤች ከፍ ይላል። አዛዧ ራሷ ከታመመች ግን ማን ይጮኻል? ቁጥሩ ልክ መስሎ ይቀመጣል። ቤቱ ጸጥ ስላለ ሰላም ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ታይሮይድ ራሱ የሚያወጣው ቲ-4 የሚባለው ሆርሞን አብሮ መለካት አለበት፤ እሱ ዝቅ ብሎ ቲኤስኤች ካልጨመረ ችግሩ ከላይ ነው። ቲኤስኤች ብቻ ታይቶ የሚመለስ ልጅ ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል። የዕድገት ሆርሞንም በአንድ ጊዜ ደም አይታወቅም። በቀን ውስጥ ብልጭ ድርግም ስለሚል በመድኃኒት ተቀስቅሶ ነው የሚለካው።

ሰባት ቤት መቁጠር ጥሩ ልማድ ነው። ክሮኤሺያ ውስጥ ክርክ የምትባል ደሴት አለች። ድንክ ሰዎች በብዛት ይታዩባት ነበር፤ ከውጭ ብዙም ሳይጋቡ የኖሩ ቤተሰቦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሲመረመሩ ፕሮፕ-1 ተበላሽቶ ተገኘ። መቁጠሩ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አይዘጋውም። ከእያንዳንዱ ዘረመል ሁለት ቅጂ አለን። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል፤ ሰውየው ቁመቱም ጤናው ደህና ሆኖ ተሸካሚ ይሆናል። የማይዛመዱ ሁለት ተሸካሚዎችም በአጋጣሚ ይገናኛሉ።

የእናንተ ነገር እንዲህ ከሆነ ሁለት ሳንቲም ይወርውሩ፤ አንዱ የእርስዎ፣ አንዱ የአባቱ፣ ጎፈር ማለት የተበላሸው ቅጂ ነው። ሁለቱም ጎፈር ሲሆኑ ልጁ ይታመማል፤ ከ4 አንድ ማለት ነው። አንዱ ዘውድ አንዱ ጎፈር ከሆነ ተሸካሚ ብቻ ነው። ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም። «አንዱ ታሟል፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ ይድናሉ» የሚባል ሒሳብ የለም፤ በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይወረወራል። ሌላ የውርስ መንገድ ያላቸው ዘረመሎችም ስላሉ፣ ከማርገዝዎ በፊት የዘር ምርመራ ቢደረግ መልሱ የጠራ ይሆናል። ሌላ ልጅ ከወለዱ ግን ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። ሕፃኑ ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ቢወርድ፣ ቢጫነቱ ቢሰነብት፣ ወንድ ሆኖ ብልቱ በጣም ቢያንስ፣ ምልክት ነው።

ከሁሉም በላይ የምጠይቅዎ አንድ ነገር አለ፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያወጡት ሆርሞን፣ የልጁ ኮርቲሶል፣ በጠዋት ተለክቷል? ኮርቲሶል አንሶት ሳለ የታይሮይድ ክኒን ብቻውን ቢጀመር ሰውነቱ ያለችውን ኮርቲሶል ቶሎ ይጨርሳትና ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ኮርቲሶልን የሚተካው ሃይድሮኮርቲዞን ይቀድማል፣ የታይሮይዱ ክኒን ታይሮክሲን ይከተላል። አሁን ደህና ቢሆን እንኳ በየጊዜው ይለካ። በፕሮፕ-1 ኮርቲሶል ከዓመታት በኋላ ሊያንስ ይችላል፤ አንዳንዱ ላይ ከጎለመሰ በኋላ።

ሃይድሮኮርቲዞን ከጀመረ፣ ሲያተኩሰው መጠኑ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ስንት እንደሆነ ሐኪሙ በጽሑፍ ይስጥዎ። ካስመለሰው ክኒኑ አብሮ ይወጣልና ወደ ሆስፒታል ነው፤ መርፌ ያስፈልገዋል። ጾምም አለ። በዚህ ዕድሜ ልጆች እስከ ቀትር መጾም ያምራቸዋል። የዕድገት ሆርሞንና ኮርቲሶል ያነሰው ልጅ ግን ሳይበላ ሲቆይ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ለንስሐ አባታችሁ ይንገሯቸው፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው።

የዕድገት ሆርሞኑ ብዙውን ጊዜ ማታ ማታ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነው። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፤ ብዙ ሰው ከውጭ በዘመድ ያስመጣል። የሚያመጣው ሰው በእጁ፣ በበረዶ መያዣ ይያዘው፤ አውሮፕላን ሆድ በሚገባ ሻንጣ አይክተተው። መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። በረዶ ከሠራ ተበላሽቷል፤ ቢቀልጥም አይወጋም። «ከሬሳ ነው የሚወጣው» የሚል ወሬም ትሰሙ ይሆናል። ድሮ እውነት ነበር፤ አንዳንዶችንም ከባድ የአንጎል በሽታ አስይዟል። እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ ግን በላቦራቶሪ የሚሠራው ነው የተተካው። ጉርምስናውም በራሱ ላይመጣ ይችላል፤ ያኔም ሆርሞን ይሰጠዋል።

እህቱ በደንብ እያደገች ከሆነ አሁን ምንም አያስፈልጋትም። ቢሆን ቢሆን ተሸካሚ ናት፤ ስታድግ መመርመር ከፈለገች ራሷ ትወስናለች። ለሁለቱም ግን በር አጠገብ ግድግዳው ላይ ምልክት ያድርጉላቸው። ጫማ አውልቀው፣ ተረከዛቸው ግድግዳውን ነክቶ፣ በየ3 ወሩ። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ቁጥሩን ከነቀኑ ጽፈው ለቀጠሮው ይዘውት ይምጡ።