ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት መኪናው ይታጠብ

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት መንጠብን የሚመለከቱ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ያለችውን አሮጌ መኪና ተንከባክቦ ማቆየት የብዙ ቤት ጉዳይ ሆኗል። ከከተማው ዳር የምትኖሩ ደግሞ ኮረኮንቹንም ጭቃውንም በየቀኑ ትነዱበታላችሁ። ዛሬ ዓምዱ የእናንተ ነው።

ከለገጣፎ፦ ጋሼ፣ 30 ዓመት ያለፋት አውቶማቲክ ኮሮላ አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ሊሾው ላይ ቀይ ጠብታ አገኛለሁ። የሰፈራችን መካኒክ «ካምቢዮው ወርዶ የፊት ኦይል ሲል መቀየር አለበት» ብሎኛል። ልስማማ?

ገና አይስማሙ። ኦይል ሲል ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት ነው። ካምቢዮ ማውረድ የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ቀይ ዘይት ሁሉ የካምቢዮ አይደለም። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች መሪያቸውም የሚጠጣው ያንኑ ቀይ ዘይት ነው። ስለዚህ ማታ መኪናዋን ሲያቆሙ ንጹሕ ካርቶን ከሥሯ ያንጥፉና ጎማዎቹ የት እንደቆሙ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት። ጠዋት ጠብታው ከየትኛው ጎማ ምን ያህል ርቆ እንደወደቀ ካርቶኑ ይነግርዎታል። የመሪውን ዘይት ማጠራቀሚያም ከፍተው ይዩ፤ እሱ ጎድሎ የካምቢዮው ዘይት ልክ ከሆነ የሚያነጥበው መሪው ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የካምቢዮውን ዙሪያ በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥበው ያድርቁት። ቤንዚን አይጠቀሙ፣ እሳት ነው። ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር ነስንሰውበት ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ነድተው ይመለሱ። ነጩ ዱቄት ላይ ዘይቱ የሄደበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ነፋሱም ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚፈልጉት እንግዲህ የሚንጠባጠብበትን ቦታ ሳይሆን ከሁሉ ከፍ ብሎና ወደ ፊት ሆኖ የረጠበውን ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያየሁት ስላለ ነው። አያት አካባቢ የሚኖር ጎረቤቴ በአንድ ጋራዥ ሁለት ጊዜ ካምቢዮ አስወርዶ ኦይል ሲል አስቀየረ። መንጠቡ ግን አልቆመም። አንድ እሑድ አብረን አጥበን ስናየው ዘይቱ የሚመጣው የካምቢዮውን ዘይት ለማቀዝቀዝ ወደ ራዲያተሩ ከሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች ከአንዱ ነበር። ከማሰሪያው ሥር ያለው ጎማ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ በጥፍሬ ስጫነው በስንጥቁ ውስጥ ቀይ ዘይት አቀረረ። ያ ሁሉ ወጪና እንግልት የአንድ ጣት ያህል ርዝመት ላላት ጎማ ነበር። ሲቀይሩት ታዲያ ዘይትና ሙቀት የሚችለውን ቱቦ ይግዙ። የነዳጅ ወይም የውኃ ቱቦ ጥቂት ወር ቆይቶ መልሶ ይሰነጠቃል።

ቱቦዎቹ ደረቅ ከሆኑ፣ ሰሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ካምቢዮው ውስጥ የሚገባባቸውን ሁለቱን ጎኖች ይዩ። እዚያ ያለው ኦይል ሲል ካምቢዮ ሳይወርድ ይቀየራል። ሁሉም ደርቆ ዘይቱ በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር ብቻ ከወጣ፣ ያን ጊዜ መካኒክዎ ትክክል ሊሆን ይችላል። እዚያም ቢሆን ቀለሙን አይታችሁ ተማመኑ፤ ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል ሊሆን ይችላል።

ከቡራዩ፦ የካምቢዮው ኮፓ ጋስኬት ተቀየረልኝ። አሁንም ያነጥባል። መካኒኩ በየሳምንቱ ቡሎኖቹን ያጠብቅልኛል፤ ባጠበቀ ቁጥር ይብሳል።

እህቴ፣ ማጥበቁን ያስቁሙት፤ የሚያብሰው እሱ ነው። ኮፓው፣ ማለትም ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ስስ ቆርቆሮ ነው። በኃይል ሲጠብቅ ቡሎኑ ያለበት ቦታ ወደ ላይ ይሰረጉዳል፣ በሁለት ቡሎኖች መካከል ያለው ጠርዝ ይከፈታል፣ በመሃል ያለው ማሸጊያ ጋስኬትም ይጨፈለቃል። ኮፓው ወርዶ ጠርዙ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተደግፎ በትንሽ መዶሻ ይስተካከል፣ ሁለቱም ፊት አሮጌ ጋስኬት እስኪጠፋ ይጠረግ፣ አዲሱ ደረቅ ሆኖ ይግባ። ሲልከን በብዛት አያስቀቡ። ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ማጣሪያውን ይደፍናል። ቡሎኖቹ መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በአጭር 10 ቁልፍ እየተሻገሩ በጥቂት በጥቂቱ ይጥበቁ። ረጅም እጀታ እዚህ ቦታ የለውም።

ከሰበታ፦ ልጄ፣ ያረጀች ማንዋል ፒክአፕ አለችኝ። ክረምቱን በጎርፍም በጭቃም ስሄድባት ከረምኩ። አሁን ከካምቢዮውም ከኋላው ዲፈረንሻልም ዘይት ይወጣል። ሁለቱ ባንዴ እንዴት ይበላሻሉ?

አባቴ፣ ባንዴ መሆኑ ራሱ ፍንጭ ነው። በካምቢዮውም፣ ኃይሉን ለኋላ ጎማዎቹ በሚያከፋፍለው ዲፈረንሻልም ላይ አየር የሚተነፍሱባት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ጭቃ ሲደፍናት ዘይቱ በሞቀ ቁጥር ውስጡ ያለው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በኦይል ሲሎቹ በኩል ይገፋዋል። ምንም ነገር ከማስቀየርዎ በፊት ሁለቱን መተንፈሻዎች ያስጸዱ። ዘይቱንም ያሳዩ፤ ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታልና መቀየር አለበት። ሲያስቀይሩ የመሙያው ቡሎን ከማፍሰሻው ቀድሞ ይፈታ። መሙያው አልፈታ ካለና ዘይቱ አስቀድሞ ከፈሰሰ መኪናዋ እዚያው ትቀራለች።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ የኋላ ጎማዎቹን በውስጥ በኩል ይመልከቱ። እዚያ ዘይት ካለ የፍሬን ሸራውን ነክቶት ሊሆን ይችላል። እሱ ሳይታይ ቁልቁለት አይውረዱባት።

ከአያት፦ ለቪትዜ «ለሁሉም ይሆናል» የተባለ ቀይ ዘይት ልጨምር?

በቀለም አይግዙ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ቪትዝ አውቶማቲክ ከሆነ የሚፈልገው ታይፕ ቲ ፎር የሚባለውን ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት ብዙዎቹ ሲቪቲ (በማርሽ ፋንታ በቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ) ስለሆኑ የራሳቸው ዘይት አላቸው፤ ሌላ ከገባ ቀበቶው ይንሸራተታል። የዘይት መለኪያ ዘንግ ካላት በላዩ የተጻፈውን ያንብቡ። የሚለካው ደግሞ መኪናዋ ተነድታ ከሞቀች በኋላ፣ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። አትርፈው አይሙሉ፤ ሲበዛ አረፋ ሠርቶ በመተንፈሻው ይወጣል፣ ሰውም «ያነጥባል» ይላል።

ከሱሉልታ፦ ዘይቷ አልቆ መንገድ ላይ ቆመች። አውቶማቲክ ናት። በገመድ እየጎተትኩ በእንጦጦ በኩል ላውርዳት?

አይሆንም። የካምቢዮው የዘይት ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው። ጎማ እየዞረ ሞተር ከጠፋ ውስጡ በደረቁ ይፋጫል። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳል፣ ያ ቁልቁለት ደግሞ ረጅም ነው። በመኪና ላይ ተጭና ትሂድ።

ከአቃቂ፦ ራሴ ከሥር ገብቼ ልሠራ ነው። የማወጣውን ዘይት ለአጥሩ እንጨት ምስጥ መከላከያ ልቀባው?

በክሪክ ብቻ፣ ወይም በድንጋይና በብሎኬት ተደግፋ ከቆመች መኪና ሥር አይግቡ። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። ብረት መደገፊያ ይከራዩ ወይም ይዋሱ።

ዘይቱን አይቀቡት፣ አይድፉትም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ቀላል የማይባለው የሚቀዳው እዚያው አቃቂ ካሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። በጄሪካን አጠራቅመው ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡ። ከማስረከብዎ በፊት ግን ምን ያህል ሊትር እንደወጣ ይለኩት፤ መልሰው መጀመሪያ ያንኑ ያህል ይሙሉ፤ ሲያነጥብ የቆየ ካምቢዮ ግን ጎድሎ ስለሚሆን ልኩን በመለኪያው ያረጋግጡ።