አፋችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት

ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ዛሬም ፒያሳ ላይ የሚያገኙኝ ወጣቶች «ጋሼ፣ ምላሴ አልፈታ አለኝ፣ ምን ይሻለኛል?» ይሉኛል። ምላሳችሁ ደህና ነው። መጀመሪያ ጆሯችሁን ፈትሹ።

የተማሪ ደብተር ገልጣችሁ እዩ። ከእንግሊዝኛው ቃል በላይ በእርሳስ ትንንሽ ፊደል ተጽፏል። መርከቡም «ሺፕ»፣ በጉም «ሺፕ»። በእንግሊዝኛ ግን የሁለቱ ቃላት አናባቢ ይለያያል። ልዩነቱ በርዝመት ብቻ አይደለም፤ የምላስ አቀማመጡም ሌላ ነው። የእኛ ጆሮ ሁለቱንም አንድ «ኢ» ውስጥ ይከታቸዋል። ጆሮ ያልለየውን አፍ ከየት አምጥቶ ይለየው?

ስንፍና አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጃኔት ዌርከርና ሪቻርድ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት፣ ሕፃናት መጀመሪያ ላይ ቤታቸው የማይነገር ቋንቋ ድምፆችን ሳይቀር ይለያሉ። ዓመት ሊሞላቸው ሲል ግን ችሎታው ይደክማል። ፈረንጁም ያው ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ካገኛችሁ «ጠራ» እና «ተራ» በሉለት። አንድ ቃል የደገማችሁ ሊመስለው ይችላል።

ፊደል መቁጠርም አያድንም። «ሐ»ን እና «ዐ»ን እንጽፋለን እንጂ በአማርኛችን ከ«ሀ» እና ከ«አ» አንለያቸውም። ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤታችሁ ግን ይለያቸዋል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ቁርአን የቀራ ልጅ ሞልቷል፤ ሸኹ እየደጋገሙ ስላሰሙትና ስላረሙት እሱም ይለያቸዋል።

ጆሮ ይሠለጥናል ማለት ነው። ጃፓኖች የእንግሊዝኛን «ር» እና «ል» መለየት ይቸግራቸዋል። የቋንቋ ተመራማሪዋ አን ብራድሎውና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተለያዩ ሰዎች አፍ የተቀዱ ቃላት እያሰሙ የቱ የቱ እንደሆነ አስለዩአቸው። የንግግር ልምምድ አልሰጧቸውም። አነጋገራቸውም አብሮ ተሻሻለ! እኔ ከዚህ ጥናት የምወድለት ይቺን ነው።

እናንተም አድርጉት። ድምፅ ያለው መዝገበ ቃላት ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ጓደኛችሁ ስክሪኑን ደብቆ ከሁለቱ ቃላት አንዱን ያሰማችሁ፤ እናንተ የቱ እንደሆነ ገምቱ፤ እሱ ወዲያው «ልክ ነህ» ወይም «ስተሃል» ይበል። በራሱ አፍ ግን አይጥራላችሁ፣ እሱም እንደናንተው ነው። የእንግሊዙንም የአሜሪካዊውንም፣ የወንዱንም የሴቷንም ድምፅ ቀላቅሉ። የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ከለመዳችሁ ሌላው ሲናገር ግራ ትጋባላችሁ። ፊልም ከፍቶ ምሳ መብላትን ልምምድ አትበሉት። በሐረጎ ቁልቁለት፣ ዘፈን በሚጮህበት ሚኒባስ ውስጥም አትድከሙ።

«የአሜሪካ አክሰንት» የምትሉት ነገር እኔን አያስጨንቀኝም። የወሎ ለዛ ያለው እንግሊዝኛ ምን ነውር አለው? የሚያስቸግረው በግ ስትሉ ሰሚው መርከብ ከሰማ ነው። ስለዚህ ከዚሁ ጥንድ ጀምሩ። ሳትሳሳቱ መለየት ስትጀምሩ የራሳችሁን ድምፅ ቅዱና መዝገበ ቃላቱ ካሰማችሁ ጋር አስተያዩት። ያን ጊዜ ስህተቱን የሚነግራችሁ መምህር አያስፈልግም፤ ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ።