መልስ፦ እርጥብ ግልገል ብርዱን እንዴት ይችለዋል?
«ገና የተወለደ፣ እርጥብ ግልገል ያን ሁሉ ብርድ በምን ይችለዋል?» ላልከው፣ ሙቀት የሚያመነጭበት ሁለት መንገድ አለው። አንዱ መንቀጥቀጥ ነው፤ ጡንቻው እየሠራ ይሞቃል። ሌላው ግን ይበልጥ ይገርማል። በተለይ በኩላሊቱ ዙሪያ ቡናማ ስብ ይዞ ይወለዳል። ይህ ስብ ሲቃጠል ጉልበቱ ለሌላ ሥራ አይውልም፣ በቀጥታ ሙቀት ይሆናል። ሳይንቀጠቀጥም ይሞቃል ማለት ነው።

ችግሩ ስንቁ ትንሽ ነው። እንገር ቶሎ ካልጠባ ነዳጁ አለቀ በለው። እናቲቱ የምትልሰውም ለፍቅር ብቻ አይደለም (እሱም አለበት)፤ ከጸጉሩ ላይ የሚተነው ውሃ ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል።

ጣትህን አፉ ውስጥ ክተት። ከቀዘቀዘ ቴርሞሜትር አምጣ። ጤነኛው 39–40 ዲግሪ ነው፤ ከ37 በታች ከወረደ ቶሎ አድርቀው፣ ለእንስሳት ሐኪምም ደውል። አንገቱን ቀና ማድረግ ካቃተው በጡጦ አትስጠው፣ ወተቱ ሳንባው ሊገባ ይችላል።