«መጽሐፍ ልትጠብቂ ነው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተመርቀሽ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ (የመጻሕፍት ምዝገባ) ክፍል ያወጣውን ማስታወቂያ አይተሻል። አባትሽ ደግሞ «አራት ዓመት ያስተማርኩሽ መጽሐፍ ልትጠብቂ ነው? ይልቅ አካውንቲንግ ልክፈልልሽ» ብለዋል። ደሞዙ፣ እንግሊዝኛሽና «ሁሉም ነገር ስልክ ላይ ገብቷል» የሚለው ወሬም አሳስቦሻል።

አባትሽን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን ተሳስተዋል። የሚከተለውን አንብቢላቸው።

አበበ ከበደ የሚባል ሰው የጻፈው መጽሐፍ መጣ እንበል። ሥራውን የማያውቅ ሰው የፈረንጁን ልማድ ተከትሎ «ከበደ፣ አበበ» ብሎ ይመዘግበዋል። ደራሲው በአባቱ ስም ገባ ማለት ነው፤ በደራሲዎች ዝርዝር «አበበ» ሥር የሚፈልግ አንባቢ አያገኘውም። መፍትሔው በማርክ፣ ማለትም ኮምፒዩተር በሚያነበው የመጻሕፍት መመዝገቢያ ቅርጽ፣ የደራሲ ስም በሚገባበት 100 መስክ የመጀመሪያውን አመልካች 0 (በራሱ ስም ይጀምራል ማለት ነው) አድርጎ ስሙን እንደሚጠራው መጻፍ ነው። ርዕሱ ውስጥ «ፀሐይ» ካለ ደግሞ «ጸሃይ» ብሎ ለፈለገ ሰው አይወጣለትም፤ ለኮምፒዩተሩ ፀ እና ጸ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የርዕስ መስክ በሆነው 245 ላይ እንደታተመው ትተይውና ሌላውን አጻጻፍ ለተለዋጭ ርዕስ በተመደበው 246 ላይ ትጨምሪያለሽ። በ1998 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍም በፈረንጆቹ 2005 ወይም 2006 መሆኑ ካልተጻፈ ስምንት ዓመት ገደማ ያረጃል። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ተማሪው «የለም» ተብሎ ይመለሳል። ይህን የሚያቃናው አማርኛውንም የምዝገባውን ሕግም የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የማዋሻ ዴስክ ቢሰጡሽ እንኳ ካታሎግ ክፍሉን ጠይቂ።

ለአካውንቲንግ የታሰበው ገንዘብ ላፕቶፕ ይግዛበት። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የሚባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ጫኚበት፤ ከዚያ ኮሃ የተባለውን የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም፤ ሁሉም ነጻ ናቸው። ዜብራ የሚባለውን የኮሃ የፍለጋ ክፍል ማውጫ ስታዘጋጂ አይሲዩን (የብዙ ቋንቋ ፊደላትን የሚያውቀውን አማራጭ) ምረጪ፤ የተለመደው አማራጭ ለላቲን ፊደል የተሰናዳ ስለሆነ በአማርኛ ፍለጋ ያስቸግራል። መዝገብ አስገብተሽ በፍለጋ ካልመጣልሽ አትደንግጪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማውጫ የሚሠራው ፕሮግራም ቆሞ ነው፣ አስነሺውና ማውጫውን እንደገና ገንቢ። ከሰፈርሽ ትምህርት ቤት ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት 100 መጻሕፍት አስፈቅደሽ መዝግቢ፤ የዲውይ ቁጥራቸውንም (መጻሕፍት በርዕሰ ጉዳይ የሚመደቡበትን ቁጥር) ስጫቸው፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው። አምስቱን መዝገብ አትመሽ ለቃለ መጠይቁ ያዢ።

ደሞዙ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ትልቅ አይደለም፤ ስለዚህ የሥራ ተሞክሮ ሲኖርሽ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ቤተ መጻሕፍትና የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶችን ማስታወቂያ ተከታተይ። እንግሊዝኛሽ የማርክን መመሪያ በየቀኑ አንድ መስክ በማንበብ ይሻሻላል። ስልክ ላይ የሚገኘውንም ቢሆን መዝግቦ የሚያስገኘው ሰው ነው።

ማመልከቻውን ግን ላፕቶፑን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ አስገቢ።